በመቀናጆህ የቀናሁት ቅናት

ታደሰ፣ የእኔ ጌታ፤

ከተለያየን ዛሬ ዓመት ከሦስት ወር ሞላው። በኅዳር አቦ ነው የሄድከው፤ ዛሬም የካቲት አቦ ነው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ፤ አንዴ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ፣ አንዴ ደግሞ አከራዬን ጠይቄ። ለምን እንዲህ እንደምጠነቀቅ አንተ ታውቃለህ። በአቦ ቀን አንዴ አፍሬያለሁ። እደርስበታለሁ።

ብዙ ነገር ተለውጧል። የቦሩ ሜዳውን ቤት ዘጋሁት። ደሴ ተዛውሬ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። አዲሱ ትምህርት ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አከራዬ ደግ ሴት ናት፣ ግን ሳታንኳኳ ትገባለች። መስኮቴ ወደ ጦሳ ተራራ ነው የሚያየው። ጠዋት ጉሙ ሲወርድ አይና «ውርጭ ይጥል ይሆን?» እላለሁ፤ የከተማ ሴት ሆኜ ስለ ገብስ እጨነቃለሁ። ጭንቀቱ ያንተ ነበር። ስትሄድ ለእኔ ትተህልኝ ሄድክ።

ልጅ አልሰጠንም። አንተ በዚህ ነገር አንድ ቀን ተናግረህ አታውቅም፤ እኔም። ስለዚህ ካንተ የቀረኝ ይኸው ነው፦ በሁለታችን ስም የወጣው የመሬት ደብተር፣ አንድ በሬ፣ እና እንድሪስ።

የምጽፍልህ ስለ እንድሪስ ነው። ልትቆጣ ትችላለህ። ብትቆጣ ደስ ይለኛል፤ ቁጣህን ካየሁ ቆይቻለሁ።

*

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት ነው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የፋብሪካ ፈረቃ ሲለወጥ የሚጮኸውን ድምፅ እየሰማሁ ያደግሁ፣ ስለ እርሻ የማውቀው መጽሐፍ ላይ የተሳለውን ነበር። ማለዳ ተነሣህና «መቀናጆዬ ጋ ደርሼ ልምጣ» አልከኝ። እንደ አበልጅ ያለ ዝምድና መሰለኝ። አልጠየቅሁህም። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ የአማርኛ ቃል አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።

እስከ ከሰዓት በኋላ አንገበገበኝ። ስትመለስ ጠየቅሁህ። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለህ መሬቱን በጣትህ ሁለት ቦታ ጫርክ። «ይህ የእኔ ቦራ ነው። ይህ የእንድሪስ ዳልቻ ነው። እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ እሱም አንድ። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ሁለቱን እንጠምድና አንድ ቀን የእኔን መሬት፣ አንድ ቀን የሱን። በቃ።»

በቃ አልክ። ለእኔ ግን አልበቃኝም።

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ቀነጀ» ከሚለው ያመጣዋል፤ ሁለት ሰዎች ያላቸውን አንድ አንድ በሬ አምጥተው ማጣመራቸው ነው። ቅንጃ የሚባለው የበሬው ጓደኛ ነው። መቀናጆ የሚባለው ውሉም ነው፣ ሰውየውም ነው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ዝም ይላል። ቀነጀ ራሱ ከየት መጣ? መጀመሪያ ማን አለው? አልተጻፈም። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠየቅሁ። አንደኛው ከብት ያለቀበት ክፉ ቀን የወለደው ቃል ነው አሉኝ፤ ከየቤቱ አንድ አንድ በሬ ሲተርፍ የተፈጠረ። ሌላኛው ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ድህነት የተጀመረበትን ቀን መጀመሪያ ንገሪኝና የመቀናጆን እኔ እነግርሻለሁ።»

እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም እውነቱን የነገሩኝ። ሁለት በሬ ያለው ሰው ይህ ቃል አያስፈልገውም። ምንም የሌለውም አያስፈልገውም። ቃሉ የባለ ግማሾች ነው።

በደብተሬ ላይ ከሌሎቹ ጋር እያስተያየሁ ጻፍኩት። ወንፈል ጉልበት ለጉልበት ነው፤ ዛሬ ታርምልኛለህ፣ ነገ አርምልሃለሁ፣ ተመላለስን፣ አለቀ። ደቦ ድግስ አለበት፤ ሰው ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። መቀናጆ ግን አያልቅም። በሬህ የሱ ደጅ ያድራል። የሱ በሬ ያንተን ድርቆሽ ይበላል። የሱ ሲያነክስ ያንተም መሬት ጾሙን ያድራል። ከዚህ በታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ሚስት የምትገባበት ቦታ የለውም።» ኋላ ሰረዝኩት። ግን ሰርዤም ይነበባል።

*

ቀኑን እንዴት እንደምትካፈሉ ያየሁ ጊዜ ነው ቅናቴ ሥር የያዘው።

ዓርብ እንድሪስ ጁምዓ አለው፤ ስለዚህ ዓርብ ያንተ። ቅዳሜና እሑድ አንተ ሰንበት አለህ፤ ስለዚህ የሱ። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ያንተ በዓል ሁሉ የሱ እርሻ ነው። የሱ ዒድ ያንተ እርሻ ነው። በረመዳን ቀትር ሲሆን ከባዱን አንተ ትይዝለት ነበር፤ በሁዳዴ ደግሞ ከቅዳሴ በፊት እህል ሳትቀምስ ስትውል እሱ ይይዝልህ ነበር። የሁለታችሁ ሃይማኖት እንደ ሁለት ጎማ ተገጣጥሞ በሬዎቹ አንድም ቀን ሥራ አይፈቱም። ሰዉ ያደንቃችሁ ነበር። እኔ ደግሞ አስብ ነበር፦ የእኔና ያንተ ሃይማኖት አንድ ነው፣ የምናርፍበትም ቀን አንድ ነው፣ ታዲያ ለምንድን ነው አብረን የምንቀመጠው እንዲህ ጥቂት የሆነው?

ምክንያቱም በሱ ተራም ትሄድ ነበር። «ዛሬ የእንድሪስ ቀን አይደለም እንዴ?» ስልህ «ቢሆንም በሬዬን ልየው» ትለኝ ነበር። በሬህን። አዎ።

የአቦ ነገር የመጣው ያኔ ነው። ዘር የምትዘሩበት ቀን ነበር፤ ሁለታችሁም የምትወጡበት። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ እህቴ ዘነቡ ጋ አብረኸኝ እንድትወርድ ፈልጌያለሁ። እንድሪስ ማለዳ ሊጠራህ ደጅ ሲመጣ ቀድሜ ወጣሁና «ዛሬ አቦ ነው፤ ታደሰ አይወጣም» አልኩት። እሱ በጣቱ አንጓ ቆጠረ። በትዕግሥት፣ አንድ በአንድ። «አቦስ ነገ ነው፣ አስካልዬ» አለኝ። «ዛሬ አራት ነው። ቢሆንም አብሽሪ፣ ይረፍ። ለዋዜማ ማረፍም አይከፋም።»

ቤት ውስጥ ሆነህ ሰምተሃል። ቀበቶህን እያጠበቅህ ወጣህ፣ አየኸኝ፣ ከዚያ ተያይታችሁ ሳቃችሁ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «የክርስቲያን በዓል ከእንድሪስ ጠይቁ» የሚል ተረት አገኘ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ያንተን ቅዱሳን ቀን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ደግሞ የዚያ ስብሰባ ነገር። ትዝ ይልሃል፣ ሁሉንም በአንድ ለአምስት ሊያደራጁ የመጡ ጊዜ። የልማት ሠራተኛው «በተቀናጀ መልኩ» እያለ ሲደጋግም አንተ ጉንጭህን ነፍተህ ሳቅህን ታፍን ነበር። ያ ቃል ከበሬ ጫንቃ ወርዶ ወረቀት ላይ ሲሄድ መስማት ለእናንተ ቀልድ ነው። ኋላ ሰውየው የእናንተን ስም ሲጠይቅ እንድሪስ ተነሥቶ «እኛን እለፈን ጌታው፤ እኛ አንድ ለአንድ ነን» አለ። ሕዝቡ ፈነዳ። አንተ የሱ ትከሻ ላይ ተደግፈህ እስክታነባ ሳቅህ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ማዶ ተቀምጬ ነበር። ሳቅሁ እንጂ፣ ለምን አልስቅም። እየሳቅሁ ግን ትከሻውን አይ ነበር።

*

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ።

ሕመምህን ለእኔ የነገርከኝ በመስከረም ነው። ሐኪሞቹ ጉበት አሉ። በኅዳር ሄድክ። ሁለት ወር ብቻ ነበር ለእኔ። ሁለት ወር ደግሞ ምን አላት? ሰው ደንግጦ ሳያበቃ ታልቃለች።

ለቅሶው ላይ እንድሪስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። እኔ ከሴቶቹ መሃል፣ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ። አንዱ «ምን አገኘው ድንገት?» ሲል እንድሪስ ራሱን ነቀነቀና «ምን ድንገት ነው» አለ። «አላህ ይዘንለት፣ ከበልጉ ጀምሮ እኮ ነው የታገለው። ስንት ቀን ትልም መሃል ተቀምጦ ላቡን እየጠረግሁለት።»

ከበልጉ። ከየካቲት። በጣቴ ቆጠርኩ፣ እንደሱ፣ በአንጓ። ሰባት ወር።

ያን ቀን ሰው ሁሉ ያለቀሰው ስለ ሞትህ ነው። እኔ ያለቀስኩት ስለ ሰባት ወር ነው። ማንም አላወቀብኝም፤ እንባ አንድ ዓይነት ነው።

ከዚያ በኋላ ቀኖቹን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመርኩ። «የእንድሪስ ተራ ነው፤ ቢሆንም ልየው» ያልከኝን እነዚያን ቀኖች። አብራችሁ ደሴ ሐኪም ጋ ትወርዱ ነበር። ስትመለስ ጫማህ ላይ ጭቃ አይኖርም። ይህን አይቼ ነበር፣ ታደሰ። አይቼማ ጫማውን ጠርጎ ገባ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

*

ከሞትክ ወዲህ እንድሪስ ምንም ሳይጠይቀኝ ቦራንና ዳልቻን ጠምዶ መሬታችንን አረሰ። በልጉንም፣ ክረምቱንም። በሱ ቀን የሱን፣ ባንተ ቀን ያንተን። ዓርብ ዓርብ ግን አያርስም፤ ጁምዓው ነው፤ ያ ቀን ባዶውን ይውላል። ተራህን ለማንም አልሰጠውም።

አንድ ቀን ከሚኒባሱ ወርጄ በእግር መንገዱ ስመጣ ከሩቅ አየሁት። እርፍህን ይዞ። መዳፍህ ያለሰለሰውን እንጨት፣ እኔ እንኳ ነክቼው የማላውቀውን። በሬዎቹን ሲያዞር የሚጮኸው ጩኸት ያንተ ጩኸት ነው፤ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚያደርጋት እንኳ አልቀረችም። ማን ከማን እንደተማረ አላውቅም። አንተን ሳላይ አንተን ሰማሁ፤ ከሌላ ሰው ጉሮሮ።

ሳልጠራው ተመለስኩ።

ዘነቡ ከኮምቦልቻ ስትደውል ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «በሬ የሚያስታምም አስተማሪ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሽጪና ውረጂ እንጂ፤ እዚህ እንኳ ሙቀቱ ይስማማሻል።» ደግሞ ትጨምራለች፦ «ሰውየው እያረሰ እያረሰ የራሱ ሊያደርገው ነው። ኋላ እንዳታለቅሺ።» መሬቱን ማለቷ ነው። እኔ ስሰማት የሚመጣብኝ ሌላ ነው። አንተን የራሱ ሊያደርግህ ነው። አድርጎህማል።

እና በጥር ቦራን ልሸጥ ወሰንኩ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንደማላውቅ አላስመስልም። በልግ ሊዘራ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከጥንዱ አንዱን መሸጥ እንድሪስን ከነቤተሰቡ ያለ በልግ ማስቀረት ነው። ቃሉን በደብተሬ ላይ የጻፍኩ እኔ ነኝ፤ አንድ በሬ አያርስም። ያወቅሁትን ነው ያደረግሁት።

ሄጄ ነገርኩት። የሚለምነኝ መስሎኝ ነበር፤ ለልመናው መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ያንቺ ነው» አለኝ። «ሰኞ ገበያ እኔ እነዳልሻለሁ። ካንቺ ጋር ብቻውን አይሄድም፤ ያስቸግርሻል።»

ያ መልስ አናደደኝ። ቢለምነኝ እኮ ይሻለኝ ነበር።

*

ሰኞ ደሴ ከብት ተራው ሞልቷል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከነደላላው መጣና ቦራን ይዞረው ጀመር። ጎድኑን ዳሰሰ፣ ጥርሱን አየ። እኔ ዋጋ ልናገር አፌን ስከፍት እንድሪስ ቀድሞኝ ለሰውየው ማስረዳት ጀመረ። ሊያጣጥለው መስሎኝ ነበር፣ እንዲቀርለት። አልሆነም።

«ወላሂ እንዲህ ያለ በሬ አታገኝም» አለው። «ግን ግራ ነው የሚጠመደው። በቀኝ ካስገባኸው ማዞሪያው ላይ ያስቸግርሃል። ጅራፍ አታሳየው፤ በስሙ ጥራው፣ ይበቃዋል። ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ያውቃል፣ ይቆማል፤ አትምታው።»

ደላላው ሳቀ። «አንተ ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው? በሬው ነህ እንዴ?»

«መቀናጆ ነን» አለ እንድሪስ።

«ከበሬው ጋር?»

ዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። እንድሪስም አብሮ ሳቀ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ። ከዚያ እጁን የቦራ ጫንቃ ላይ፣ ቀንበር ጠጉሩን የጨረሰበት ቦታ ላይ አሳረፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ይሄ ቢታመም አይነግርህም። መብላቱን አይተውም፣ መሄዱን አይተውም። ይደብቅሃል። ጆሮውን ነው የምታይ። ጆሮው ከወደቀ ያኔ እወቅ።»

ታደሰ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ይህ ሰው ከገበያ መሃል ለማያውቀው ሰው ይህን ይነግራል!

«ለእኔስ?» ብዬ ጮህኩ። «ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም? ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ ታሞ አንተ እያወቅህ እኔ ሳላውቅ!»

ደላላው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቦራን አየ። «ሰባት ወር? ሰባት ወር የታመመ በሬ ነው ያመጣችሁብን?»

ወፍራሙ ሰውዬ እጁን ከቀንዱ ላይ አንሥቶ በኮቱ ጠረገ። «እኔ ለቅበላ ሥጋ ነበር የፈለግሁት» አለ። «በሽተኛ አርጄ ሰው ልፈጅ ነው?» ብሎ ሄደ። እንድሪስ ያኔ ነው ሰውየው ለምን እንደሚገዛው የገባው። ያን ሁሉ ግራና ቀኝ፣ ያን ሁሉ ዝናብና ስም አጠራር ለአራጅ ሲያስረዳ ነው የቆየው። ፊቱ እንዴት እንደሆነ አልነግርህም።

ከዚያ በኋላ ማን ይጠጋናል? ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከብት ተራውን ዞረ። አንዱ ሲያልፍ ለሌላው «ያ ነው ሰባት ወር የታመመው» ሲል ሰማሁ። ቦራ ጤነኛ ሆኖ፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አዳንኩት ልልህ እችል ነበር። አላዳንኩትም። ስቀና ተበላሸብኝ።

*

በእግር ተመለስን፤ እሱ ቦራን እየነዳ፣ እኔ ከኋላ። ከከተማው ወጣን። ከዚያ ሳይዞር «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ አስካለ» አለ።

«በምን?»

«ድንኳን ውስጥ ሰማሽኝ ማለት ነው። አላወቅሁም ነበር የማታውቂ መሆንሽን። በመጨረሻ ሲነግርሽ ከበልጉ ጀምሮ መሆኑንም የነገረሽ መስሎኝ ነበር። ንገራት ብዬዋለሁ። ወላሂ ሦስቴ ብዬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

ቦራን አቆመው። ሊነግረኝ እንደከበደው አየሁ። «‹ላንተ ስነግርህ አንተ በሬውን ታያለህ› አለኝ። ‹ለሷ ስነግራት ግን እኔን ማየት ትጀምራለች። ስበላ ታየኛለች፣ ስተኛ ታየኛለች። በሽተኛ ያልሆንኩበት አንድ ቤት ይኑረኝ› አለኝ።»

ሊያጽናናኝ የፈጠረው ነው ልል ፈለግሁ። ግን ያንተ ንግግር ነው፤ ሰው ፈጥሮ እንዲህ አይናገርም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት ወር ለእንድሪስ እውነተኛውን ሰጠኸው፣ ለእኔ ጤነኛውን። የትኛው ይበልጣል? እያመዛዘንኩ ነው። አንድ ቀን የእኔ ይበልጥብኛል፣ አንድ ቀን የሱ። የሱ ሲበልጥብኝ ዛሬም ያቃጥለኛል፤ እውነቱን መናገር ካለብኝ።

እንድሪስ አጠገቤ ቆሞ መሬት መሬት እያየ «እኔም እኮ እቀና ነበር» አለ። ቀና ብዬ አየሁት። «ባንቺ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ በሬ ይፈታ ነበር። ‹አስካለ ትጠብቀኛለች› ብሎ ትልሙን ከመሃል ጥሎብኝ ይሄዳል። እንዲህ የሚያስሮጠው ምን አለ እዚያ ቤት እል ነበር። ቤት ውስጥ ምን ይመስል ነበር? ይጫወታል?»

ሳቅ መጣብኝ። የሚጠይቀኝ እሱ! ያንን ሁሉ ዓመት ሁለታችን በየጥጋችን ቆመን፣ አንተን እየተጠባበቅን፣ እያንዳንዳችን ሌላው ሙሉውን የያዘ እየመሰለን።

«ቦራ ይቆይ» አልኩት። «ቅዳሜ ትምህርት የለኝም። አንተ ታርሳለህ፣ እኔ ዳር እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ትነግረኛለህ፣ አንድ ነገር እነግርሃለሁ።»

«ተራ በተራ» አለ።

«ተራ በተራ።»

አንድ ቅዳሜ አልፏል። በመጀመሪያ እሱ ነገረኝ፤ መብረቅ ትፈራ ነበር አለኝ። አላመንኩም። ሰማይ ሲያጉረመርም ከቋጥኝ ሥር ተወሽቀህ ጣት ትቆጥር ነበር አለ። እኔ ዘንድ ሲሆን መስኮት ከፍተህ «ነይ እዪ፣ እንዴት ያምራል» የምትለኝ ሰው! እኔ ደግሞ የተማሪዎቼን ደብተር ተደብቀህ ታነብ እንደነበር፣ በእርሳስ «ጎበዝ» እያልክ ከእኔ ቀድመህ ታርም እንደነበር ነገርኩት። በሬዎቹን አቁሞ ሳቀ፤ ቦራና ዳልቻ ለምን እንደቆሙ ሳይገባቸው ቆመው ጠበቁት። በሁለተኛው ዙር ዓይኑን በነጠላው ጠረገ። እኔ ወደ ሌላ አየሁ፤ አንተ እሱን እንዳስተማርከው፣ በሬውን አየሁ።

ቃሉን ዘንድሮ አራተኛ ክፍሎች ይጠይቁኝ ይሆናል። ለእነሱ መዝገበ ቃላቱ ያለውን እነግራቸዋለሁ፤ ሌላውን አልነግራቸውም።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ታደሰ። ለእንድሪስ ያልነገርኩት። በመጨረሻው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ ትራሱን ከፍ ሳደርግልህ እጄን ይዘህ ያልከኝ። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ከንፈሬ ላይ ደርሶ መለስኩት። ተራዬ ነበር፤ ሌላ ነገር ሰጠሁት። እዚህም አልጽፈውም። ደብዳቤ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

አልረሳህም። ይህን ቃል እገባልሃለሁ፣ በሰላም ተኛ። ቅዳሜ የሁለታችን ነህ። የቀረውን ስድስት ቀን ግን የእኔ ብቻ ነህ፤ ለሱ ተራ የለም።

አስካለ
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ